የፋብሪካው ቢሮ ምሥራቁ በየት ነው?

ሕንፃውን ያገኘው አጎቴ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። አንድ ቀን ባሕሩ ዳር ተሳፋሪ አድርሶ ሲመለስ፣ በባዶ የመኪና ማቆሚያ መካከል ብቻውን የቆመ የቀይ ጡብ ቤት አየ። መስኮቱ ላይ የኪራይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ታክሲውን አቁሞ ቤቱን ዙሪያውን ካየው በኋላ በቀጥታ እኛ ቤት መጣ።

«ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ» አላት እናቴን፣ ኮቱን ሳያወልቅ። «የድሮ ፋብሪካ ቢሮ ነው ይሉታል። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን ነው የምለው።»

«ባለፈው ወር ያየኸው የቦውሊንግ አዳራሽም ቤተ ክርስቲያን ነበር።»

«እሱ ፓርኪንግ አልነበረውም።»

እናቴ ብትቀልድም ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያኔ የምንሰበሰበው ቴሜስካል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ በአንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። እሑድ ጠዋት መጋረጃውን እንሰቅላለን፣ ሥዕሎቹን እንደረድራለን፣ ምንጣፉን እንዘረጋለን። ቀትር ሳይደርስ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልለን መኪና ውስጥ እንከታለን፤ ከእኛ ቀጥሎ አዳራሹ የልጆች ቅርጫት ኳስ መጫወቻ ይሆናልና። ሊቀ ጳጳሱ ይህን ሰምተው፣ በየሳምንቱ ተጠቅልሎ በሚነሣ ቤት ታቦት አይገባም አሉ። ታቦት ከሌለ ቅዳሴ የለም፤ ቅዳሴ ከሌለ ቁርባን የለም። ጸሎት እናደርሳለን፣ እንዘምራለን፣ ትምህርት ሰምተን እንበተናለን። መቁረብ የፈለገ ሎስ አንጀለስ ድረስ በመኪና ይሄዳል። ወጣቶቹ ይችሉታል። እግራቸው የሚያብጥ እናቶች ግን አይችሉትም። ከመካከላቸው አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ቆርበው የማያውቁ ነበሩ።

ካህናችን አባ በሥራ ቀናት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ይሠራሉ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት አዛውንት እናት የአባን እጅ ይዘው «ሳልቆርብ ልሞት ነው ወይ?» ሲሏቸው፣ አባ ወለሉን ሲያዩ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ ቤት ተገኘ ሲባል የምንጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ታቦት ገብቶበት የሚቀር ቤት ነው ወይስ አይደለም?

ሕንፃውን ልናይ የሄድነው በነሐሴ፣ ጭጋጉ ከባሕሩ ተነሥቶ ከተማውን በሸፈነበት ጠዋት ነው። አባ፣ አጎቴና ሁለት የኮሚቴ አባላት ሄዱ። ሁለቱም እንደ አጎቴ ሾፌሮች ናቸው። እኔ ኮሌጅ ለመግባት ሳምንታት ስለቀሩኝ «እንግሊዝኛው የሷ ነው» ተብዬ አስተርጓሚ ሆኜ ተከተልኳቸው።

ቤቱ የተሠራው አሜሪካኖች በእንግሊዟ ንግሥት ስም የቪክቶሪያ ዘመን በሚሉት ጊዜ ነው። የፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ቢሮ ነበር። ከሳን ሆዜ እርሻዎች ኮክና አፕሪኮት በባቡር እየመጣ እዚህ በቆርቆሮ ይታሸግ ነበር። ፋብሪካው ራሱ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ የቀረው ቢሮው ብቻ ነው። ግን ምን ዓይነት ቢሮ! በመንገዱ በኩል ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ወደ ትልቅ ባለ ሁለት መዝጊያ በር ያወጣል። ከበሩ በላይ ጡቡ በቅስት ተደርድሮ፣ በቅስቱ እምብርት ላይ ፍሬ የሞላበት ቅርጫት በድንጋይ ተቀርጿል። በበሩ ግራና ቀኝ ቁመታቸው ከሰው ሁለት እጥፍ የሚሆን መስኮቶች ተሰልፈዋል። ከጣሪያው ሥር ጡቦቹ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ እያሉ እንደ ጥልፍ ጫፍ ይዞራሉ። ኮክ በቆርቆሮ የሚሸጥ ኩባንያ ቢሮውን እንደ ባንክ አስመስሎ ሠርቶታል።

አባ ከመኪና እንደወረዱ ስለ ኪራዩ አልጠየቁም። «ምሥራቁ በየት ነው?» አሉ።

መቅደስ በምሥራቅ መሆን አለበት። ፀሐይ ግን በጭጋጉ ውስጥ የለችም።

«ይሄማ ቀላል ነው፣ አባ» አለ አጎቴ። ከመንገዱ ማዶ በዓምድ ላይ የሚያልፈውን ትልቅ የመኪና መንገድ፣ ፍሪዌዩን፣ አሳያቸው። «ስምንት ሰማንያ ነው። በዚህ ሲሄዱ ፍሪሞንት፣ ከዚያ ሳን ሆዜ፤ ምልክቱ ሳውዝ፣ ደቡብ፣ ይላል። በዚያ ሲሄዱ ኖርዝ ይላል። ፊትዎን ወደ ሳውዝ ያዙሩ። አሁን ግራ እጅዎን ያንሡ። እሱ ነው ምሥራቅ። ኮረብታውም እዚያው ነው።»

ሁለቱ ሾፌሮች ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው፣ አባ።»

አባ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው የሕንፃው ፊት ወደሚያይበት ወደ ፍሪዌዩ አመለከተ። «እናንተ መንገዱን ታውቃላችሁ» አሉና ወደ ትልቁ በር ዞሩ። «እንግዲያው መቅደሱ በዚህ ግድግዳ ሊሆን ነው። በሩም ሊዘጋ ነው።»

የቤቱ ባለቤት ደረጃውን እየጠረገች ጠበቀችን። ቀጠን ያለች፣ ነጭ ፀጉሯን ከኋላ ያሰረች አሮጊት ናት። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጃችንን በየተራ ጨበጠችና ትልቁን በር በሁለት እጇ ገፍታ ከፈተችልን። በሩ ሲከፈት ድምፅ እንኳ አላሰማም። ያንን አይታ ፈገግ አለች።

እኔ የአባን ሐሳብ በጥንቃቄ ተረጎምኩላት፦ ቤቱን በጣም እንደወደዱት፣ የጸሎት ቦታው በምሥራቅ መሆን ስላለበት ይህ በር ለዘለቄታው ተዘግቶ መጋረጃ እንደሚጋረድበት፣ ሕዝቡ በጓሮ በኩል እንደሚገባ።

«የትኛው በር ነው የሚዘጋው?»

«ይህኛው።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ከዚህ በፊት የመኪና ጎማ የሚያከማች ሰው ተከራይቶት በሩን በምስማር ቸንክሮት ነበር። እሱ ከወጣ በኋላ ማጠፊያዎቹን አስነቅዬ፣ እንጨቱን አስፍቄ፣ እንደ ገና እንዲከፈት አድርጌዋለሁ። በዚህ በር የማይገባ ሰው ከእኔ አይከራይም። ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። ጨምራም አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ ሕንፃውን እንደሚፈልገው፣ እስከ ፈረንጆቹ ገና ወስና እንደምትጨርስ ተናገረች።

በመኪና ስንመለስ አጎቴ ተናደደ። «ለበር ብላ! የምትሸጠው ቤት እንኳ አይደለም። በር ነው፤ እንጨት!»

«ለበሩ ብቻ አይደለም» አሉ አባ። «በሩን ስትከፍት እጇን አየኸው? አንድ ነገር አለባት።»

ኮሌጅ ስገባ የሥነ ሕንፃ መግቢያ የሚባለውን ትምህርት ያዝኩ። መምህራችን አንድ አሮጌ ሕንፃ መርጠን ንድፉን እንድንሠራና «ለምን እንዲህ ተሠራ?» የሚለውን ጥያቄ እንድንመልስ አዘዙን። ሌሎቹ ተማሪዎች ሳን ፍራንሲስኮ ተሻግረው ባለ ቀለም ቤቶችን መረጡ። እኔ ሌላ ሕንፃ ሊታየኝ አልቻለም። አሮጊቷን ኮል አደረግኩላትና፣ ስለ ኪራዩ ሳይሆን ስለ ትምህርቴ እንደምፈልጋት ነገርኳት።

«ቅዳሜ ነይ» አለችኝ። «የሚሞቅ ነገር ልበሺ። ቤቱ ይበርዳል።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በሜትር ልኬ ወደ ወረቀት የማዛውረው ያ ቤት የሠሪዎቹን ሐሳብ ቀስ በቀስ አሳየኝ። በትልቁ በር ሲገቡ የጸሐፊዎቹ አዳራሽ ነው፤ ረጅም፣ ጣሪያው ሩቅ፣ የመንገዱ መስኮቶች ሁሉ የሚያበሩለት። ወለሉ ጣውላ ነው። ጸሐፊዎቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሹበት ቦታ በመደዳ ጎድጉዷል። በአዳራሹ አንደኛው ጫፍ፣ በሳን ሆዜ አቅጣጫ፣ የሥራ አስኪያጁ ክፍል አለ። ከአዳራሹ ወለል በጥቂት ደረጃ ከፍ ይላል፤ የሚለየውም በእንጨትና በመስታወት መከለያ ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ ወደ ውጭ ያበጠ ባለ ሦስት ገጽ መስኮት አለው።

«እዚህ ቆሞ ሁሉንም ያያል» አለችኝ አሮጊቷ። «በመስታወቱ ጸሐፊዎቹን፣ በመስኮቱ ደግሞ ከሳን ሆዜ የሚመጣውን ባቡር።»

በሌላኛው ጫፍ የብረት በር ያለው የካዝና ክፍል አለ። ወደ ጓሮ የሚያወጣው መተላለፊያ ግን ሌላ ቤት ይመስላል። እዚያ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ጡቡ አልተለሰነም፣ እንጨቱ ቀለም አልተቀባም። በሩ ለአንድ ሰው የምትበቃ ጠባብ በር ናት። በጓሮው ጥግ ሠራተኞቹ እጃቸውን ይታጠቡባት የነበረች ትንሽ የጡብ ክፍል ቆማለች። ፊት ለፊቱ ላይ ለቅስትና ለቅርጻ ቅርጽ ያልሰሰተ ሰው፣ እዚህ ሲደርስ አንድ ጡብ እንኳ ለጌጥ አላወጣም። በማስታወሻዬ ላይ «ሕንፃው ለማን ፊቱን፣ ለማን ጀርባውን እንደሚሰጥ ያውቃል» ብዬ ጻፍኩና በራሴ አነጋገር ደስ አለኝ።

አሮጊቷ ግን ጠባቧን በር በመዳፏ እየዳሰሰች «እናቴ በዚህች በር ነው የገባችው» አለች።

እናቷ ከፖርቱጋል ደሴቶች ከመጡ ቤተሰቦች የተወለደች፣ ኮክ የምትልጥና የምትለይ ሠራተኛ ነበረች። ትልቁን በር አንድ ቀን እንኳ አልረገጠችውም። ዝናብ ቢሆን፣ ብታረግዝ፣ ብትታመም በጓሮ ነው። ፋብሪካው ሲፈርስ ቢሮውም አብሮ ሊፈርስ ነበር፤ አሮጊቷና ባሏ ተበድረው ገዙት።

«ባሌ ምን ልታደርጊበት ነው አለኝ። በበሩ ልገባበት ነው አልኩት።»

እኔም ይህን ለአባ ነገርኳቸው። «ብያለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ታዲያ እንዲህ ያለውን በር ዝጊልን እንዴት እንላታለን? ሌላ ቤት እንፈልግ።» ሌላ ቤት ግን አልነበረም። አጎቴ በታክሲው ያልዞረበት መንደር አልቀረም፤ አንዱ በጣም ውድ ነው፣ ሌላው መጠጥ ቤት ሥር ነው፣ ሌላው ዳሊ ሲቲ ሆኖ ለእናቶቹ ይርቃል።

በኅዳር መጀመሪያ ንድፌን ለመምህሩ አሳየኋቸው። አጎቴ በነገረን መሠረት ትልቁ በር ያለበትን ግድግዳ ምሥራቅ ብዬ ምልክቱን ስዬበታለሁ። መምህሩ ረጅሞቹ መስኮቶች ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«እነዚህ ወደ ምሥራቅ ያያሉ ነው የምትይው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ጸሐፊዎቹ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ እየገባች እንዴት ይጽፉ ነበር? ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን ቢሮ የሚሠራ ሰው ለጸሐፊው የሰሜን ብርሃን ነው የሚሰጠው፤ ጥላ የማይጥል፣ ቀኑን ሙሉ የማይለወጥ። ምናልባት ይህኛው ሠሪ ተሳስቶ ይሆናል። ጠዋት ሄደሽ ተቀመጪና ፀሐይዋ የት እንደምትገባ እይ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከንጋቱ በፊት አሮጊቷ በሩን ከፈተችልኝና ቡና ልታመጣ መንገዱ ጥግ ወዳለው ሱቅ ሄደች። እኔ አዳራሹ ወለል ላይ ተቀምጬ በመንገዱ መስኮቶች ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ጭጋግ የለም። መስኮቶቹ ቀስ እያሉ ነጡ፣ ከዚያ እንደነጡ ቀሩ። ፀሐይ አልመጣችባቸውም። የዘገየች መስሎኝ ስጠብቅ ወለሉ ላይ የራሴን ጥላ አየሁ። ረጅም ሆኖ ወደ ካዝናው ክፍል ተዘርግቷል። ዞር አልኩ። ፀሐይ በሥራ አስኪያጁ መስኮት ገብታ፣ መከለያውን መስታወት አልፋ፣ በአዳራሹ ርዝመት እየመጣች ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ያለው የአሮጌ መስታወት ሞገድ ሁሉ ወለሉ ላይ ወርዶ እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል።

ሠሪው አልተሳሳተም። የተሳሳትነው እኛ ነን። ፍሪዌዩ በጠቅላላው ወደ ደቡብ ስለሚሄድ ሳውዝ ይባላል እንጂ፣ በኦክላንድ መሐል ሲያልፍ ባሕሩን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ምልክቱ ግን ስሙን አይቀይርም። እኛ ከተማውን የተማርነው በእግር አይደለም፤ በምልክት ነው። ከሾፌር ሾፌር እየተቀባበልን ምሥራቅን ራሱን ከፍሪዌይ ጽሑፍ ላይ አነበብነው።

ቤት ስገባ አጎቴ ከእናቴ ጋር ቁርስ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ምሥራቁ እዚያ አይደለም።»

«የትኛው ምሥራቅ?»

«የቢሮው። ፀሐይዋ በሳን ሆዜ በኩል ወጣች።»

የያዘውን ጉርሻ መለሰው። «በሳውዝ በኩል ፀሐይ ወጣች ትይኛለሽ? አንቺ ልጅ፣ ኮሌጅ የገባሽው ትናንት ነው። እኔ በዚያ ፍሪዌይ ላይ ሸብቻለሁ። ሳውዝ ብሎ ጽፎበታል እኮ! መንግሥት ነው የጻፈው!»

«ፀሐይን መንግሥት አያወጣት» አለች እናቴ። «ሂድና እያት።»

በማግስቱ ማልዶ ሄደ። ከዚያው ከስልክ ሣጥን ደወለልኝ። «አየኋት» አለ። «ምልክቱ ግን አሁንም ሳውዝ ነው የሚለው» ብሎ ዘጋው።

የፈረንጆቹ ገና ሳይደርስ አሮጊቷን አንድ ጊዜ ብቻ ቤቱን ደግማ እንድታሳየን ለመንኳት፤ ማልደን እንድንመጣ ፈቀደች። በዚህ ጊዜ እናቴም በሴቶቹ ስም አብራን መጣች። አባ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው በካልሲ አዳራሹን እያቋረጡ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ሄዱ። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ነበረች። ደረጃውን አዩ፣ መከለያውን አዩ፣ ያበጠውን መስኮት አዩ።

«ትንሽ ዘንበል ይላል እንጂ ምሥራቅ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ይህን መቅደስ ማን ሠራው?»

«ሥራ አስኪያጁ ነበር የሚቀመጥበት፣ አባ» አልኳቸው።

«በቃው። ከእንግዲህ ሌላ ይቀመጥበታል።»

እኔ ወደ አሮጊቷ ዞሬ የምሥራቹን ነገርኳት። ተሳስተን ነበር፣ ትልቁ በር በሰሜን ነው፣ አይዘጋም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። አጎቴም መሰለው፤ ደስታው አላስችል ብሎት ወደ ፊት ራመድ አለ።

«እንዲያውም እንደ ሥርዓቱ ነው የሆነው በያት! ሰሜን የወንዶች በር፣ ደቡብ የሴቶች በር። ወንዶቹ በትልቁ በር፣ ሴቶቹ በጓሮዋ በር። የተሠራልን ነው የሚመስለው!»

አሮጊቷ ትጠብቃለች። «ምን አለ?»

ነገሩን ላለዝበው ፈለግኩ፤ ግን ቃል አጣሁለት። እንዳለው ተረጎምኩት።

«ሴቶቹ በጓሮ» አለች። መጥረጊያዋን አነሣችና ወደ ትልቁ በር ሄዳ ለሁላችንም ያዘችልን፤ ውጡ ማለቷ ነው።

«ምን አልኩ?» አለ አጎቴ። «ሥርዓት ነው ያልኩት!»

«ዝም በል አንተ» አለችው እናቴ። «እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ በዚያች በር ነው የገባችው። አልተነገረህም?»

«ለእኔ ማን ነገረኝ?»

«ታክሲህ ውስጥ ሬዲዮውን ዝቅ ብታደርገው ትሰማ ነበር። ደግሞስ ምድር ቤቱ ስንት በር ነው ያለው? አንድ! በአንድ በር ገብተን፣ ወንዱ በግራ ሴቱ በቀኝ ቆመን ስንጸልይ መቼ ሥርዓት ፈረሰ?»

አባ እጃቸውን አነሡ፤ ሁለቱም ዝም አሉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «የምልሽን ብቻ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪያት።» እየቆሙ፣ እኔን እየጠበቁ ተናገሩ።

«ወንዱም ሴቱም በትልቁ በር ይገባል። ቃሌ ነው።»

ነገርኳት። መጥረጊያዋን ግን አልለቀቀችም።

«በጓሮው ጥግ ያለችው ትንሽ ክፍል ምን ነበረች?» አሉ አባ።

«ሴቶቹ እጃቸውን የሚታጠቡባት ናት» አለች አሮጊቷ።

«እሷን ቤተ ልሔም እናድርጋት። የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት እዚያ ይጋገራል፤ ወይኑም እዚያ ይዘጋጃል። የቅዳሴው ሰዓት ሲደርስ ዲያቆኑ ቃጭል እያሰማ ጓሮውን ያቋርጥና በጠባቧ በር ይዞት ይገባል። ሕዝቡ ይሰግዳል። በቤታችን ከሁሉ የከበረው ነገር የሚገባው እናትሽ በገባችበት በር ነው።»

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ተረጎምኩላት። አሮጊቷ አዳራሹን አቋርጣ በዝቅተኛው መተላለፊያ አለፈች። ተከተልናት። ጠባቧን በር ከፍታ ጓሮው ውስጥ ቆመች፤ ከዚያ የትንሿን ክፍል መዝጊያ ሳበችው። ውስጡ አሮጌ የድንጋይ ገንዳና ሸረሪት ድር ብቻ ነበር።

«እዚህ ዳቦ ትጋግራላችሁ?»

«አዎ» አልኩ።

«በየጊዜው?»

«ቅዳሴ ባለ ቁጥር።»

ገንዳውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እናቴ ቤት ስትገባ የኮክ ሽታ ነበር የሚቀድማት» አለች። «እዚህ ታጥባም አይለቃትም። እኛ ልጆቹ እንወደው ነበር። እሷ ግን ትጠላው ነበር።» መዝጊያውን ቀስ ብላ መለሰችው። «ዳቦ ይሻላል።»

«ምን አለች?» አለ አጎቴ በሹክሹክታ።

«እሺ አለች፣ ጋሼ።»

«ይሄን ሁሉ ተናግራ?»

የኪራይ ውሉ ሲፈረም አንድ ነገር ብቻ አስጻፈች፦ ደረጃውን የምትጠርገው እሷ ራሷ ናት። አጎቴ «ኧረ እኔ እጠርጋለሁ፣ ምን በወጣዎት» ብሎ ቢለምናትም አልተቀበለችም። እናቴ «ቤቱ መጥረጊያ የት እንዳለ እንኳ የማያውቅ ሰው» ብላ ሳቀችበት።

መከለያውን አልነካነውም፤ በመስታወቱ ላይ መጋረጃ ብቻ ሰቀልንበት። ሾፌሮቹ ገንዳውን አውጥተው ትንሿን ክፍል ኖራ ቀቡ። ሊቀ ጳጳሱ መጥተው ቤቱን ዞረው ካዩ በኋላ፣ ታቦቱ ከዐቢይ ጾም በፊት ገባ።

በመጀመሪያው ቅዳሴ አሮጊቷ በትልቁ በር ገብታ ከእኛ ከሴቶቹ ጋር በቀኝ በኩል ቆመች። እናቴ ነጠላ አልብሳታለች። ከጓሮው የቃጭሉ ድምፅ ሲሰማ አዳራሹ ጸጥ አለ። ዲያቆኑ የተሸፈነውን መሶበ ወርቅ ተሸክሞ፣ ጠባቧ በር ስለምታጥር አንገቱን ደፋ አድርጎ ገባ። ሕዝቡ ሁሉ በግንባሩ ሰገደ። አሮጊቷ መስገድ እንዳለባት አታውቅም፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እሷ ብቻ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ኅብስቱ በዝቅተኛው መተላለፊያ አልፎ ወደ ብርሃኑ ሲወጣ አየችው። እኔም ሳልሰግድ እሷን አየሁ።

ያን ቀን የቆረቡት እናቶች ሰልፍ ከሥራ አስኪያጁ ደረጃ ተነሥቶ፣ ጸሐፊዎቹ በተቀመጡበት ወለል አልፎ፣ የካዝናው ክፍል በር ድረስ ደርሶ ነበር።